ሹፌሩ መድን አለው፤ አዋላጇስ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ጣልያን የቆፈረውን ዋሻ ሾልኮ ሲወጣ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደብረ ሲና ድረስ ጋቢውን አጣፍቶ የመጣ ተሳፋሪ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሹራቡን ጭምር አውልቆ መስኮት ይከፍታል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ዙሪያዋ ማሾና ሽንኩርት፣ ማሽላና ጤፍ የሚመረትበት የይፋት ቆላ ነው። አስፋልቱ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከባድ መኪና ቀንም ሌሊትም አይጠፋበትም።

ከእነዚህ መኪኖች አንዱን ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆመው መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቦሎ ያያል፣ የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩን ያረጋግጣል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ ኋላም እሱን የተካው የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 799፣ ያለዚህ መድን መኪና መንገድ ላይ እንዳይወጣ ከልክለዋል። ሹፌሩ ጠንቃቃ ነው ወይስ ቸልተኛ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መኪና ሰው ሊገጭ ይችላል፤ የተገጨው ሰው ወይም ቤተሰቡ ካሣ ማግኘት አለበት፤ ሹፌሩ ያን ካሣ ከኪሱ ሊከፍል አይችልም፤ ስለዚህ መድን ይኑር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማንም አይከራከርበትም።

ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ ባለ የቆላ ጤና ጣቢያ ደግሞ ሌሊት ተረኛ የሆነች አንዲት አዋላጅ አለች እንበል። ምጡ የጠናባት ሴት በሰው ትከሻ ተደግፋ ትገባለች። የጽንሱ የልብ ምት ዝቅ እያለ ነው። አዋላጇ እዚያው ላዋልድ ወይስ ሪፈር ልጻፍ ብላ ለመወሰን ያላት ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ካልተቻለ ቀጣዩ ደብረ ብርሃን ነው፤ ከሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አብዛኛው ሽቅብ። ይዛት ሕፃኑ ቢሞት «ለምን አልላክሽም?» ትባላለች። ልካት እናቲቱ መንገድ ላይ ብትሞት «ለምን ሰደድሻት?» ትባላለች። በሁለቱም መንገድ የምትጠየቀው እሷው ናት። ሴትዮዋን ከጣርማ በር ወዲያ የሚያደርሰው አምቡላንስ እንኳ መድን አለው፤ ከኋላ ተቀምጣ ግሉኮስ ይዛ የምትሸኘው ባለሙያ ግን የላትም።

የኢትዮጵያ ሕግ ሹፌርንና ሐኪምን ለያይቶ አላየም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲደነግግ የሰውን ሕይወት፣ ጤናና ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ላለባቸው ሰዎች ቅጣቱን ከሌላው ሰው ከፍ ያደርጋል፤ ለምሳሌ የሚጠራቸውም ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው። ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ነው። ሁለቱን ባለሙያዎች የወንጀል ሕጉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠርቷቸዋል። በጉዳቱ ማግሥት ግን መንገዳቸው ይለያያል። ሹፌሩ ሲታሰር ለተጎጂው ካሣ የሚከፍል አንድ ኩባንያ ከኋላው አለ። አዋላጇ ስትታሰር ከኋላዋ ያለው ቤተሰቧ ነው፤ ለተጎጂው ቤተሰብ ደግሞ ማንም የለም።

የጤና ባለሙያ የሙያ ኃላፊነት መድን ይኑረው ሲባል በአገሩ የሚሰማው መልስ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ሐኪም መድን ከገባ ይዘናጋል። የሰው ሕይወት በብር ይተመናል። ነገሩ የአሜሪካ ጣጣ ነው፤ ጠበቃ እንጂ በሽተኛ አይጠቀምበትም። ደግሞስ ባለሙያው የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም? መንግሥት አለ። ይህን የሚሉት የቢሮ ኃላፊዎች ብቻ አይደሉም፤ ሐኪሞችም ይሉታል፤ መድን መግባት «አጠፋለሁ» ብሎ አስቀድሞ እንደመናዘዝ ይቆጥሩታል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ስሕተቱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ታካሚውን ነው።

በቅድሚያ አንድ መደናገር ይጥራ። «መድን» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንን ነው። ይህ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በገጠር በስፋት የሚታወቅ መዋጮ ነው፤ ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ደብተሩ የመታከሚያ ወጪ ይሸፍናል። በሕክምናው ስሕተት እግሩ ለሰለለ ሰው ግን ደብተሩ እንደገና መታከሚያ እንጂ ካሣ አይሆንም። የሙያ ኃላፊነት መድን ሌላ ነው፤ ባለሙያው በሥራው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ለተጎጂው የሚከፈለውን ገንዘብና ባለሙያው በፍርድ ቤት የሚከራከርበትን ወጪ የሚሸፍን ነው።

«ይዘናጋል» የሚለው ክርክር ከሁሉም የሚበረታ ስለሚመስል ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። መድን ያለው ሰው ጥንቃቄውን የሚተው ከሆነ የመጀመሪያው ተጠያቂ ሹፌር መሆን ነበረበት። ሆኖም የሦስተኛ ወገን መድን ይቅር ብሎ ሰልፍ የወጣ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መድን የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ ማንንም ከእስር አያወጣም። አንቀጽ 543 መድን ቢኖርም ባይኖርም ቦታው ላይ አለ። የሙያ ፈቃድ መታገድም አለ። ሸዋ ሮቢትን በመሰለች፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ከተማ ደግሞ «እገሊት እጅ ላይ ሞተች» መባል አለ፤ ይህን ስም በዓረቦን ማስፋቅ አይቻልም። ሆን ብሎ ጉዳት ላደረሰ ሰውማ መድኑም አይከፍልለትም፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ይህን ከመነሻው ለይቶታል።

እንዲያውም መድን ጥንቃቄን የሚጨምርበት መንገድ አለ። መድን ሰጪው ገንዘቡ እንዳይወጣ የሚፈልግ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ውል ሲፈራረም ይጠይቃል። የሙያ ፈቃዱ ታድሷል ወይ? ከቀዶ ሕክምና በፊት የፈቃድ ፎርም ይሞላል ወይ? ፓርቶግራፍ በወቅቱ ይጻፋል ወይ? ፓርቶግራፍ የምጡን ሂደት፣ የጽንሱን የልብ ምትና የማህፀን በሩን መከፈት የሚያሳይ ቅጽ ነው። በየማዋለጃ ክፍሉ አለ፤ በአግባቡ ሳይሞላ የሚቀርበት ጊዜ ግን ብዙ መሆኑን ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ተቆጣጣሪ አልፎ አልፎ መጥቶ ስለዚህ ቅጽ ተናግሮ ይሄዳል። ባዶ ቅጽ ሲያይ የሚቀጥለውን ዓመት ዓረቦን የሚጨምር ድርጅት ግን በየዓመቱ ይመለሳል።

አሁን ያለው ሁኔታ፣ መድን አልባው፣ ጥንቃቄ ወልዷል ወይ? የወለደው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃትና ጥንቃቄ ደግሞ አንድ አይደሉም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ መርፌ አለ፤ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በሮችን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ያለበት ሰው በየአራት ሳምንቱ ገደማ ይህን መርፌ ለዓመታት መወጋት አለበት። መርፌው ርካሽ ነው። አልፎ አልፎ ግን ከባድ አለርጂ ያስነሣል፤ በጣም ጥቂት ጊዜ ሰው ይሞታል። የተወጋ ሰው ነርሷ ፊት ሲወድቅ የተያዙ ባለሙያዎች ወሬ ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች መርፌውን መስጠት ይፈራሉ። «ሌላ ቦታ ይወጉ» ይላሉ። ሕመምተኛው ከቦታ ቦታ ሲንከራተት መርፌው ይቋረጣል፤ ልቡ ይደክማል። ይህን ችግር የልብ ሐኪሞች በተደጋጋሚ ያነሡታል። መርፌውን የከለከለችው ነርስ ላይ ግን ማንም ክስ አይመሠርትም፤ የሞተው በሽተኛ የሞተው በልብ በሽታ ነው ይባላልና። ራስን ለመከላከል ተብሎ የሚሰጥ ሕክምና ከአሜሪካ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። እዚሁ ነው።

ሪፈር ሌላው ነው። የይፋት ቆላ ሰው ይህን ቃል ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ። ብዙው ሪፈር ትክክለኛ ነው፤ ቦታው ላይ ደም የለም፣ ሰመመን ሰጪ የለም፣ ኦክስጅን የለም። ከዚያ ውስጥ ግን «እኔ እጅ ላይ እንዳይሞት» ተብሎ የሚጻፍ አለ። በዚያ ወረቀት ምክንያት አንድ ገበሬ ማሾውን ያለ ዋጋው ሸጦ ለመኪና ይከፍላል፤ አስታማሚዎቹ በማያውቁት ከተማ ኮሪደር ላይ ያድራሉ። ለባለሙያው ፍርሃት የሚከፍለው በሽተኛው ነው።

መንግሥት በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ሐኪም በማይደርስበት ቦታ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ጀመረ። ሰው በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «አይ.ኢ.ኤስ.ኦ» የሚላቸው እነዚህ ናቸው። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ቄሳራዊ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። አገሪቱ ከፍተኛ አደጋ ያለበትን ሥራ ከማንም በፊት ለእነሱ ሰጥታለች። አቤቱታውም የሚበዛው እዚሁ ላይ ነው፤ በፌዴራል ደረጃ ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ የቀረቡ አቤቱታዎች ሲጠኑ ከፊት የሚገኘው የማህፀንና ጽንስ ሕክምና ነው። ከአቤቱታዎቹ የሚበዙት ታካሚው የሞተባቸው ናቸው። ኮሚቴው መርምሮ የሙያ ጥፋት ወይም የሥነ ምግባር ጉድለት አለ ያለው ግን ሩብ ያህሉን ነው። ከአራት ተከሳሽ ሦስቱ ንጹሕ ናቸው ማለት ነው፤ ሦስቱም ግን ንጹሕ መሆናቸው እስኪነገራቸው ድረስ ጠበቃ የሚቆምላቸው ራሳቸው ከከፈሉ ነው። አንደኛውስ? እሱ ያጠፋበት ሰው ካሣውን ከማን ይቀበል?

«መንግሥት አለ» የሚሉት ይህን ጥያቄ የመለሱ ይመስላቸዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ የሚለውን ማየት ይበቃል። አንቀጽ 2031 የሙያውን ሥርዓት የጣሰ ባለሙያን በግሉ ኃላፊ ያደርገዋል። አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛን ጥፋት ሁለት ያደርገዋል፤ የሥራ ጥፋት የሆነና የግል ጥፋት የሆነ። የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትን መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት ከፍሎ ሲያበቃ ግን ወደ ሠራተኛው መመለስ ይችላል። የግል ጥፋት ነው ከተባለ መንግሥት በነገሩ የለበትም። ክርክሩ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል፤ የመንግሥት ነገረ ፈጅ «ጥፋቱ የግሏ ነው» ይላል፤ የገዛ አሠሪዋ ተቃዋሚዋ ይሆናል። ከውል ውጪ ለሚደርስ ጉዳት ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ደግሞ በአንቀጽ 2143 መሠረት ሁለት ዓመት ነው። አንድ የገጠር ቤተሰብ ለቅሶውን ጨርሶ፣ ተዝካሩን አውጥቶ፣ ጉዳዩ በሕግ እንደሚያስጠይቅ ሰምቶ፣ ጠበቃ አግኝቶ እስኪነሣ ድረስ ጊዜው ሊያልቅ ይችላል።

አሸንፎስ? በነርስ ወይም በአዋላጅ ላይ የተፈረደ ካሣ ከየት ይወጣል? ከደመወዝ በፍርድ ሊቆረጥ የሚችለው ከሲሶው አይበልጥም። የዚህ ደመወዝ ነገር በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ አገር የሰማው ነው። ከዚያ ደመወዝ ሲሶው እየተቆረጠ ለሙት ልጆች ማሳደጊያ ይሁን ማለት ፍርዱን ወረቀት ላይ ማስቀረት ነው። መድን ባለሙያን ከተጎጂ የሚያስጥል ጋሻ ነው የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። ድሃ ተከሳሽን ከሶ ማሸነፍ ለድሃ ከሳሽ ምንም አያስገኝለትም። የሚከፍል ሲኖር ብቻ ነው ፍርድ ፍርድ የሚሆነው።

የግል ክሊኒክና ፋርማሲ ደግሞ መንግሥት እንኳ የላቸውም። አንቀጽ 2651 ሕክምና ተቋሙ ቀጥሮ የሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ላደረሱት ጉዳት ተቋሙን ኃላፊ ያደርገዋል። በይፋት ከተሞች ውስጥ ቤቱን አስይዞ ተበድሮ ክሊኒክ የከፈተ ሰው አንድ የላብራቶሪ ውጤት ቢዛባ፣ ወይም የመድኃኒት መጠን በተዘበራረቀ የእጅ ጽሑፍ ምክንያት ተሳስቶ ቢሰጥ፣ የሚያጣው ክሊኒኩን ብቻ አይደለም። ይህ ሰው ለክሊኒኩ ዕቃ የእሳት መድን ገብቶ ይሆናል፤ ባንኩ ያስገድደዋልና። ማይክሮስኮፑ መድን አለው፤ በማይክሮስኮፑ የተመረመረው ሰው የለውም።

የአሜሪካ ነገር በተነሣ ቁጥር የሚነገረው በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠረው ካሣ ነው። ይህን ሥጋት የሚያነሡ ሰዎች የገዛ አገራቸውን ሕግ ቢያነቡት ይረጋጉ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ለሞራል ጉዳት ሊከፈል የሚችለው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ብሩ ብር ነበር። ዛሬ 1,000 ብር የአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ አይሸፍንም፤ ልጇን ያጣች እናት ኀዘን ግን አሁንም በዚያው ልክ ይሰፈራል። የዚህ አገር በሽታ ካሣ መብዛቱ አይደለም። በመኪና አደጋም ቢሆን አዋጅ 799 ለሞት የወሰነው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ጠበቆች በካሣ ከብረው ሐኪሞችን ያሳድዳሉ ብሎ መፍራት መሠረት የለውም።

ዓለምም አሜሪካ ብቻ አይደለችም። ስዊድን ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኒው ዚላንድ ደግሞ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሠሩት ሥርዓት፣ ማን አጠፋ የሚለውን ክርክር ሳይጠብቁ ተጎጂውን ይክሳሉ። ይህ ለኢትዮጵያ ሩቅ ነው ከተባለ ሩዋንዳ አለች። ሩዋንዳ ከእልቂት የወጣች፣ በገጠር የጤና መድህን መዋጮ ከኢትዮጵያ የቀደመች አፍሪካዊት አገር ናት። በ2012 እ.ኤ.አ. ቁጥር 49 የሆነውን ሕግ አዘጋጅታ የጤና ባለሙያን የሙያ ኃላፊነት መድን በሕግ አቆመች። ሕጉ በይፋ የወጣው በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ነው። የሩዋንዳ ሐኪም ከኢትዮጵያ ሐኪም ይልቅ ቸልተኛ ሆነ የሚል የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥም ምርቱ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከ1968 ጀምሮ አለ፤ የግል ኩባንያዎች ከ1986ቱ አዋጅ በኋላ ተከፍተዋል። የሙያ ኃላፊነት መድን ይሸጣሉ። ደንብና መመሪያ ምንም ይበል ምን ግን አንድን ነርስ ሥራ ሲጀምር «የሙያ መድንህስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም፤ ሹፌሩን ግን በየኬላው ይጠይቁታል።

አሁን ወደ ይፋት ባህል። «ካሣ ለእኛ ባዕድ ነው፤ የሞተው በፈጣሪ ፈቃድ ነው» የሚለው አባባል እውነት የሚመስለው ላይ ላዩን ሲታይ ብቻ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው ተደባልቆ በሚኖርበት በይፋትና ከዚያ አልፎ በወሎ፣ ደም ሲፈስ አበጋር የሚባለው አስታራቂ ይቀመጣል፤ ሽማግሌ ይማለዳል፤ ደም ይደርቃል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ካሣ አለ። ካሣውን ደግሞ ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም። ዘመድ ያዋጣል፤ አንዱ ከብት፣ አንዱ ገንዘብ። ለምን? አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችል ዕዳ ስለሆነና ነገ በሌላው ዘመድ ላይ ሊደርስ ስለሚችል ነው። ይህ መድን ካልሆነ መድን ምንድን ነው? ዕድሩም፣ ቅሬውም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ይህን ሥርዓት የፈጠረ ሕዝብ የጤና ባለሙያዎች አዋጥተው አንድ ቋት ቢያደርጉ ያንን ባዕድ ነገር አይለውም።

እዚህ ላይ መድን ኩባንያዎችም የሚያርሙት ነገር አለ፤ በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ ይልቅ ሊሰመርበት የሚገባውም ይኸው ነው። የኃላፊነት መድን ውሎች በተለምዶ ከሚይዟቸው ግዴታዎች አንዱ መድን ገቢው ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋቱን እንዳያምን፣ ካሣም ለመክፈል ቃል እንዳይገባ የሚከለክለው ነው። ለአዲስ አበባ ቢሮ ይህ ቀላል ሐረግ ነው። ለይፋት ግን ከባድ ነው። አዋላጇ እጅ ላይ እናት ስትሞት አዋላጇ ለቅሶ መድረስ አለባት። ሽማግሌ ይዛ መሄድ አለባት። «ይቅር በሉኝ» ማለት አለባት፤ ጥፋተኛ ስለሆነች ሳይሆን ሰው ስለሆነች። ይህን ካላደረገች እዚያ መንደር ውስጥ ከዚያ በኋላ እሷ ዘንድ የምትወልድ የለችም። ውሉ ይህን እንደ እምነት ቃል ቆጥሮ መድኗን ካቋረጠባት፣ መድኑ ከማኅበረሰቡ ጋር ሊያጣላት ነው የመጣው። እንግሊዝ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የካሣ ሕግ ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ጥፋትን ማመን እንዳይሆን በግልጽ ጽፋለች። የኢትዮጵያ መድን ሰጪዎችም በውላቸው ውስጥ ሁለት መሥመር ጨምረው ለቅሶ መድረስና የሽማግሌ ዕርቅ መቀመጥ ውል ማፍረስ እንዳይሆን ማድረግ ይችላሉ። አዋጅ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው መታረም ያለበት የሥራ ወሰን ነው። ውሉ የሚሸፍነው በሙያ ፈቃዱ ወሰን ውስጥ የተሠራውን ነው። ቆላ ውስጥ ግን ወሰኑ ይጠፋል። ሐኪም በሌለበት ሌሊት ክሊኒካል ነርሱ የሐኪም ሥራ ይሠራል፤ አገሬውም ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለው። ሕይወት ለማዳን ሌላ አማራጭ ሳይኖር ከወሰን ያለፈ ሰው በውሉ እንዲሸፈን መጻፍ አለበት። ይህ ካልተጻፈ መድኑ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት አይሠራም።

ይፋት ያሳለፈውም አይረሳ። ሚያዝያ 2013 አጣዬ ተቃጠለች። ኅዳር 2014 ሸዋ ሮቢት የሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ገብታ ወጣች። በአካባቢው የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ዕቃቸው ተሰባበረ። በዚያ ወቅት ያለ መብራት፣ ያለ መድኃኒት ያከሙ ባለሙያዎች ነበሩ። በእነሱ እጅ ላይ የሞተ ሰው ቤተሰብ የክሱ ጊዜ ሳያልፍ ከስሶ ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤቱ የሙያው ሥርዓት ተጥሷል ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያ ሥርዓት የተጻፈው ዕቃው ሙሉ ለሆነ ክፍል ነው። በጦርነቱ ጊዜ በክፍሉ ምን እንደነበረና ምን እንዳልነበረ ሰነድ ሰብስቦ፣ ባለሙያ ምስክር ጠርቶ የሚከራከር ጠበቃ ያስፈልጋል፤ ያን ወጪ ነርሱ ብቻውን አይችለውም።

የሚቀረው ማን ይክፈል የሚለው ነው። እያንዳንዱ ባለሙያ በግሉ ሄዶ ይግዛ ከተባለ ይህ ነገር አይሠራም፤ ሹፌሩም ቢሆን ካልተገደደ አይገዛም ነበር። የሚሠራው የቡድን ውል ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ በአንድ ውል ሁሉንም የመንግሥት ጤና ተቋማት ባለሙያዎች ያስገባ፤ የግል ክሊኒክና ፋርማሲ ፈቃድ ሲታደስ ውሉን ያቅርብ። አደጋው ከፍ ያለበት ማዋለጃና ቀዶ ሕክምና ክፍል ከሌላው ጋር በአንድ ቋት ሲገባ ዓረቦኑ በሁሉም ላይ ተከፋፍሎ ይቀላል፤ አለዚያ አዋላጇ ከሁሉ የሚከብደውን ዓረቦን ከሁሉ ባነሰ ደመወዝ እንድትከፍል ይፈረድባታል። ከዓረቦኑ የሚበዛውን ቢሮው፣ ጥቂቱን ሠራተኛው ይሸፍን። ለክልል በጀት ይህ ከባድ ነው የሚል ሰው ቢሮው በየዓመቱ ለአምቡላንሶቹ የሚከፍለውን የመድን ሒሳብ አውጥቶ ያስላ። ያ ሒሳብ ያለ ክርክር ይከፈላል፤ አለዚያ መኪናው ከግቢው አይወጣም።